የቤት ገመና፣ የአገር ወንጀል፦ «ደረቁ ነጭ በጋ» በተባለው ፊልም ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

ገመና የሚለውን ቃል ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ገመና ምስጢር ብቻ አይደለም፤ ምስጢርን አንድ ሰው ለብቻው ሊይዘው ይችላል። ነውር ብቻም አይደለም፤ ነውር ነውርነቱ የሚታወቀው አደባባይ ሲወጣ ነው። ገመና የቤት ንብረት ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ያውቀዋል፣ ቤተሰቡ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ ገመና ሸፋኝ ይመሰገናል፣ ገመና ገላጭ ይወገዛል። ስለዚህም በዚህ ቃል ውስጥ ማወቅና መሸፈን አንድ ላይ የተገመዱ ናቸው፤ የማያውቀውን የሚሸፍን የለምና።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የባለጸጋ ቤተሰብን ጨለማ ምስጢር ርእሰ ነገራቸው ያደረጉ፣ የተመልካችን አእምሮ እያስጨነቁ የሚሄዱ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች በዓለም ሲኒማ ውስጥ ሰፊ ቦታ አላቸው። ሥርዓታቸውም ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። የሚያምር ቤት ይታያል፤ በቤቱ ውስጥ የተዘጋ በር አለ፤ አንድ እንግዳ ወይም አንድ አገልጋይ ይገባል፤ ቁልፉ ይገኛል፤ በመጨረሻም አንዱ ከሌላው ደብቆት የኖረው ነገር ይገለጣል። ጆሴፍ ሎዚ በ1963 በእንግሊዝ አገር የሠራው «አገልጋዩ» እንዲሁም በ2019 የካንን ከፍተኛ ሽልማት፣ በ2020 ደግሞ የኦስካርን የምርጥ ፊልም ሽልማት ያገኘው የኮሪያዊው የቦንግ ጁን ሆ «ጥገኛ» የሀብታሙን ቤት የሚከፍቱልን በአገልጋዩ እጅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ የምንመረምረው ፊልም ግን ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል። የማርቲኒክ ተወላጅ የሆነችው ዩዛን ፓልሲ በ1989 ያቀረበችውና እኛ «ደረቁ ነጭ በጋ» ብለን የተረጎምነው «ኧ ድራይ ዋይት ሲዝን» የጆሃንስበርግ ታሪክ ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ባለው ቤት የተቆለፈ ክፍል የለም። መስኮቱ ክፍት ነው፤ አትክልቱ ለምለም ነው፤ ምስጢሩም በዚያው አትክልት ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ሲሠራ የሚውለው ሰው ሕይወት ነው። ማንም ከማንም የደበቀው ነገር የለም፤ የቤቱ ሰዎች ላለማወቅ ተስማምተዋል እንጂ። በእኛ አስተያየት የፊልሙ ታላቅነትም ጉድለቱም የሚመነጨው ከዚህ ነጥብ ነው። በስደት የምንኖር ምሁራንንም በግል የሚመለከተን ይኸው ነጥብ ነው።

ፊልሙን ዳግመኛ ያየነው በምንኖርባት በጆሃንስበርግ፣ ስሙ ወደ ራሂማ ሙሳ ጎዳና በተለወጠውና ወገኖቻችን ግን ዛሬም ጄፒ እያሉ በሚጠሩት መንገድ አካባቢ፣ በአንድ ወገናችን ቤት ነው። አብረውን ያዩት አብዛኞቹ ወጣት ነጋዴዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ያነሣው ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ስለ ሆነ በቦታው እንመለስበታለን።

2. ታሪኩና አመጣጡ

ፊልሙ የተመሠረተው አንድሬ ብሪንክ በ1979 ባሳተመው ልብ ወለድ ላይ ነው። ብሪንክ የአፍሪካነሮች ልጅ፣ በቋንቋቸውም የሚጽፍ ደራሲ ነበር፤ መጽሐፉንም የአገሩ ሳንሱር በመጀመሪያ አግዶት ነበር። ፓልሲ ፊልሙን ለማዘጋጀት ስትነሣ ዘፋኝ መስላ ወደ ሶዌቶ በመግባት እስራትና ግርፋት የደረሰባቸውን ሰዎች ቃል አሰባስባለች። ኤም.ጂ.ኤም. ሥራውን ስለ ተቀበለውም በሆሊዉድ ትልቅ ስቱዲዮ ፊልም ያዘጋጀች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ለመሆን በቅታለች። ሥራው በደቡብ አፍሪካ ምድር ሊከናወን አይችልም ነበርና የተቀረጸው በዚምባብዌና በእንግሊዝ ነው። ለብዙ ዓመታት ከሲኒማ ርቆ የነበረው ማርሎን ብራንዶ የጠበቃውን የኢያን ማኬንዚን ቦታ ይዞ ለመጫወት ተመልሶ፣ በዚሁ ሥራው ለኦስካር ታጭቷል።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1976 ነው። ቤን ዱ ቶይት (ዶናልድ ሰዘርላንድ) በጆሃንስበርግ በአንድ የነጮች ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነው። ከበርቴ አይደለም፤ ሆኖም የተንጣለለ ቤት፣ የተከረከመ አትክልት፣ የተከበረ ስም አለው፤ በዚያች ከተማ ሚዛን የደላው ሰው ነው። አትክልተኛው ጎርደን ንጉቤኔ (ዊንስተን ንትሾና) ይባላል። አንድ ቀን ጎርደን ፖሊሶች የገረፉትን ልጁን ጆናታንን ይዞ ወደ ጌታው ቤት ይመጣል፤ የልጁንም ሰንበር ያሳያል። ቤን ያዝናል፤ ነገር ግን ልጁ አንድ ነገር ሳያጠፋ አልቀረም ብሎ፣ አሁን ምንም ማድረግ እንደማይቻል ነግሮ ይሸኘዋል። ይህ ትዕይንት ሁለት ደቂቃ እንኳ የሚቆይ አይመስልም። የፊልሙ ወንጀል ግን እዚህ ላይ ተጀምሯል፤ ቤን ቁስሉን አይቷልና።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ይሄዳል። የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ መማርን ተቃውመው አደባባይ ይወጣሉ፤ ፖሊስ ይተኩስባቸዋል፤ ጆናታን ይጠፋል። መሞቱ ይነገራል፤ አስከሬኑ ግን አይሰጥም። ጎርደን የሚፈልገው የእኛ አገር ሰው እርም ማውጣት የሚለውን ነው፤ ልጁ የት እንደ ወደቀ ማወቅና መቅበር። ይህን ሲጠይቅ ራሱ ይያዛል። ሻምበል ስቶልዝ (ዩርገን ፕሮክኖው) በሚያዝበት የደኅንነት ክፍል ተሠቃይቶ ይሞታል፤ መንግሥትም ራሱን ሰቀለ ይላል። ቤን የሚነቃው ስታንሊ (ዛክስ ሞካኤ) የተባለው ባለ ታክሲ ወደ ሶዌቶ ወስዶ የጎርደንን አስከሬን ሲያሳየው ነው። ጉዳዩ ወደ ችሎት ይቀርባል፤ ማኬንዚ የፖሊሶቹን ቃል አንድ በአንድ ያፈርሰዋል፤ ዳኛው ግን ፖሊስን ነጻ ያወጣል። ከዚህ በኋላ ቤን ከስታንሊ ጋር ሆኖ የምስክሮችን ቃል መሰብሰብና ሰነዱን መደበቅ ይጀምራል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። ላይ ባነሣነው ሥርዓት መሠረት በባለጸጋ ቤት ውስጥ የሚደበቀው ወንጀሉ ነው። በዚህ ፊልም ግን ወንጀሉ ደመወዝ ተቆርጦለት፣ መለዮ ለብሶ በመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ይሠራል፤ ተሸሽጎ የሚኖረው እውነቱ ነው። ተመልካች ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቀው የተደበቀው ነገር እንዲገኝ አይደለም፤ እንዳይገኝ ነው። ፓልሲ የታወቀውን የጭንቀት መሣሪያ ወስዳ አፈሙዙን አዙራዋለች ለማለት እንደፍራለን።

3. የቤቱ ሰዎች

ሰነዱ እቤት ከገባበት ሰዓት ጀምሮ የዱ ቶይት ቤተሰብ የፊልሙ እውነተኛ መድረክ ይሆናል። ትልቋ ልጅ ሱዜት አባቷን ለመርዳት መስላ ትቀርባለች፤ ሰነዱንም ለሻምበሉ አሳልፋ ለመስጠት ትወስዳለች። አባትየው አስቀድሞ ጠርጥሮ ኖሮ፣ ያስረከባት ትክክለኛውን ሰነድ አልነበረም። አባት ልጁን መፈተኑ፣ ልጅም በፈተናው መውደቋ ከማንኛውም የተኩስ ትዕይንት የበለጠ ያማል። ትንሹ ልጅ ዮሃን በበኩሉ ከአባቱ ጎን ይቆማል። ሕፃኑ ከእኅቱ የሚሻልበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ላለማወቅ የሚደረገውን ስምምነት ለመማር ዕድሜው ገና አልደረሰም።

በእኛ አስተያየት ግን የፊልሙ ከፍተኛ ሥራ የሚስትየዋ የሱዛን አሣሣል ነው። ሱዛንን የምትጫወተው ጃኔት ሱዝማን ራሷ የጆሃንስበርግ ተወላጅ ናት፤ የምታሳየንን ሴት ከሩቅ ሳይሆን ከጎረቤትነት የምታውቃት ትመስላለች። ሱዛን ጨካኝ አይደለችም። ፖሊስ ሰው አይገድልም ብላ አትከራከርም። ክርክሯ ሌላ ነው፤ የምንኖረው በጦርነት ውስጥ ነው፣ ሰው ደግሞ በጦርነት ጊዜ ወገኑን ይመርጣል የሚል ነው። ባሏ እውነት መያዙን አትክድም፤ እውነቱ የእነርሱ አይደለም ነው የምትለው። ደካማ ደራሲ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለችውን ሴት ወይ ምንም የማታውቅ የዋህ፣ ወይ ዘረኛ እርኩስ አድርጎ ባቀለላት ነበር። ፓልሲ ግን ሙሉ ክርክሯን እንድታቀርብ ፈቅዳላታለች፤ ስለሆነም ተመልካች ሊጠላት ይነሣና የገዛ እናቱን ድምፅ ይሰማል።

ቤን የታሪክ መምህር መሆኑም እንዲሁ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሙያው ማወቅ ነው። ያለፈውን ዘመን ጦርነትና ስደት ለልጆች ያስተምራል፤ አትክልቱን የሚያለማለት ሰው ልጁን የት እንዳጣ ግን የሚያውቀው ከሁሉም በኋላ ነው። የተማረ ሰው ብዙ በማወቁ ብዙ የሚያይ ይመስለናል። ፊልሙ የሚያሳየን ተቃራኒውን ነው፤ ዕውቀት ራሱ መጋረጃ ሊሆን ይችላል።

4. የማን ሰዓት?

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። ፊልሙ ሲያልቅ ዝምታ ሆነ። ከሆሳዕና አካባቢ በእግርም በመኪናም ስንት ድንበር ተሻግሮ እዚህ የደረሰ አንድ ልጅ እንዲህ አለን፦ «ጋሼ፣ ሰውየው እስኪነቃ ድረስ ስንት ሰው ሞተ? የአትክልተኛው ሚስትኮ ከመጀመሪያው ታውቀው ነበር።»

ይህ ጥያቄ ብዙ ሂስ ከሚጽፉ ሰዎች ያልሰማነው ሂስ ነው። ፊልሙ ጊዜን የሚቆጥረው በቤን ሰዓት ነው። ጆናታን ሲገረፍ ሰዓቱ ቆሟል፤ ጎርደን ሲሞት መንቀሳቀስ ይጀምራል። ለጎርደን ሚስት ለኤሚሊ፣ ለስታንሊ፣ ለሶዌቶ ሰው ሁሉ ግን የሚገለጥ ነገር የለም፤ የሚኖሩት በውስጡ ነው። ጭንቀቱ የጌታው ነው፤ መከራው የአገልጋዩ ነው። ፓልሲ ይህን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ካሜራዋን ከቤን ለይታ ወደ ጎርደን ቤትና ወደ ምርመራው ክፍል ትወስደዋለች፤ ስታንሊንም የነጩ ረዳት ሳይሆን የነጩ መምህር አድርጋዋለች። ቢሆንም ኤሚሊ ከቤን ጋር በማትገናኝበት ሰዓት ምን እንደምታስብ ፊልሙ እምብዛም አይነግረንም። የነጭ ጀግና ስሙ ገበያ ካልጠራ ገንዘብ በማይገኝበት ሆሊዉድ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ማግኘት ይቻል ነበር ወይ? ምናልባት አይቻልም ነበር። ጉድለት መሆኑ ግን አይቀርም።

ሌላ መንገድ መኖሩን የሚያሳዩ ሁለት ፊልሞችን እንጥቀስ። የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን በ1966 ባቀረበው «ጥቁሯ ሴት» በተባለው ፊልም ዲውዋና የተባለች የዳካር ልጅ ፈረንሳውያን አሠሪዎቿን ተከትላ ወደ አንቲብ ትሄዳለች። ቤቱን የምናየው በእርሷ ዓይን ነው፤ የምንሰማውም የውስጥ ድምፅዋን ነው። ስትሞት የሚደነግጡት አሠሪዎቿ ናቸው እንጂ ተመልካች አይደለም፤ ከእርሷ ጋር ሆኖ ሲቆጥር ቆይቷልና። ሁለተኛው ጄና ባስ ከባባልዋ ባርትማን ጋር ጽፋ በ2021 ያቀረበችው «ምሉንጉ ዋም» ነው፤ በኮሳ ቋንቋ «የእኔ ነጭ እመቤት» እንደ ማለት ነው። ቦታው ጆሃንስበርግ ሳይሆን ኬፕ ታውን ነው። ጺዲ የተባለች ሴት መጠጊያ አጥታ ልጇን ይዛ፣ እናቷ ማቪስ ዕድሜዋን ሙሉ ወዳገለገለችበት የሀብታም ቤት ትገባለች። እመቤቲቱ አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች፤ እምብዛም አትታይም። አፓርታይድ ከወደቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ቤቱ ግን የእናቲቱን ነፍስ አልለቀቀም፤ ቀስ በቀስም የልጅቱን እጅ ለመያዝ ይሞክራል። እዚህ ላይ የተደበቀችው ጌታዪቱ ናት፤ የሚታየው ሰርቪስ ቤቱ ነው። በ«ደረቁ ነጭ በጋ» ካሜራው ከሳሎን ተነሥቶ ወደ አገልጋዩ መንደር ይጓዛል፤ በ«ምሉንጉ ዋም» ከአገልጋይዋ ክፍል ተነሥቶ ወደ ሳሎን ይገባል። ወጣቱ የጠየቀውን ጥያቄ ይህ ፊልም ከመጀመሪያው ጠይቆታል።

5. ፊልሙና ችሎቱ

ስለ ፍጻሜውም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ሻምበል ስቶልዝ ቤንን በመኪና ገጭቶ ይገድለዋል፤ ከዚያ በኋላ ስታንሊ ሻምበሉን ተኩሶ ይገድለዋል። በብሪንክ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ቅጣት የለም፤ ቤን ይሞታል፣ የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው። ፓልሲ ጥቁሩ ሰው የመጨረሻውን ሥራ ራሱ እንዲሠራ መፈለጓ ይገባናል፤ ተመልካችም በዚያች ጥይት እፎይ ይላል። ችግሩ እፎይታው ነው። ታሪክ ለጆሃንስበርግ እንዲህ ያለ እፎይታ አልሰጣትም።

በዚህች ከተማ በ1968 የተከፈተና ጆን ቮርስተር አደባባይ ይባል የነበረ ባለ ዐሥር ፎቅ የፖሊስ ሕንፃ አለ፤ በ1997 ስሙ ተለውጦ የጆሃንስበርግ ማዕከላዊ ፖሊስ ጣቢያ ተብሏል። አሕመድ ቲሞል የተባለ የ29 ዓመት መምህር በጥቅምት 1971 ከዚያ ሕንፃ ወድቆ ሞተ። በ1972 የተሰየመው የምርመራ ችሎት ራሱን ገደለ አለ። ቤተሰቡ አርባ አምስት ዓመት ጠበቀ። በጥቅምት 2017 ዳኛ ቢሊ ሞትሌ ጉዳዩን እንደገና መርምረው ሰውየው በደኅንነት ፖሊሶች ተገፍትሮ መገደሉን አረጋገጡ። በክፍሉ ውስጥ ነበርኩ ያለው የቀድሞ የደኅንነት ፖሊስ ባልደረባ ዣዎ ሮድሪገስ በ2018 በግድያ ተከሰሰ፤ ክሱ ሳይታይ በ2021 ሞተ። ሐኪምና የሠራተኛ ማኅበር ሰው የነበረው ኒል አጌት በየካቲት 1982 በዚያው ሕንፃ ውስጥ ተሰቅሎ ተገኘ፤ የዚያን ጊዜው ችሎት ማንንም ተጠያቂ አላደረገም። በ2022 ዳኛ ሞትሳማይ ማኩሜ ራሱን አልገደለም ሲሉ የቀድሞውን ውሳኔ ሻሩት። የአጌት አባት የልጃቸውን የፖለቲካ አቋም የማይደግፉ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸው ከሞተ በኋላ ግን እውነቱን በፍርድ ቤት ለማስገለጥ ታግለዋል። ቤን ዱ ቶይት የፈጠራ ሰው ቢሆንም ወንድሞች ነበሩት ማለት ነው።

ፊልሙ በ1989 ያለውን ነገር ፍርድ ቤት በ2017 እና በ2022 አለው። የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ከ1996 ጀምሮ የብዙዎችን ቃል ሰምቶ ክስ ሊመሠረትባቸው ይገባል ያላቸውን ጉዳዮች አስተላልፎ ነበር፤ አብዛኞቹ ሳይነኩ ቆዩ። በ2025 ፕሬዚደንት ሲሪል ራማፎሳ ክሶቹ ለምን እንደ ተጓተቱ የሚመረምር ኮሚሽን እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው አባባላችን ልክ ነው፤ ነገር ግን ማደሩ አርባ አምስት ዓመት ሲሆን ገዳዩም በአልጋው ላይ ይሞታል። ስለዚህ የስታንሊ ጥይት ምኞት ነው እንላለን። የሚያስፈራው እውነተኛ ፍጻሜ ሻምበሉ ጡረታ ወጥቶ አትክልቱን ሲያጠጣ ማየት ነበር።

6. ስለ እኛ

አንባቢ ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው ሊል ይችላል። ማንዴላን በ1962 በኮልፌ ያሠለጠነች አገር ልጆች ነን ብለን መኩራት እንወዳለን፤ መኩራታችንም ተገቢ ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ በዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የራሳችን ጎርደኖችና የራሳችን ስቶልዞች ነበሩን። ደርግ በነሐሴ 1975 ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ዐረፉ ብሎ ሲናገር፣ አስከሬናቸው በገዛ ቤተ መንግሥታቸው ግቢ ከመሬት ሥር ነበር፤ የተገኘው በ1992፣ በቅድስት ሥላሴ በክብር ያረፈውም በ2000 ነው። በአገሪቱ ትልቁ ቤት ወለል ሥር አስከሬን ነበረ፤ በላዩም ሲሠራና ሲፈረም ኖሯል። ከዚህ የበለጠ የባለጸጋ ቤት ምስጢር የትኛው ፊልም ያመጣል? በቀይ ሽብር ጊዜም ወላጆች የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ እንዲከፍሉ ተጠይቀዋል፤ ልቅሶም ተከልክሏል። ፊልሙ በተቀረጸባት በዚምባብዌ፣ ፊልሙ በታየ በሁለት ዓመቱ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጥገኝነት ማግኘታቸውን ስናስብ፣ ታሪክ ከማንኛውም ደራሲ ይልቅ መራራ ቀልድ እንደምታውቅ እንረዳለን።

በዚያን ጊዜ ስምንት ዓመታችን ነበር። ቤታችን በአዲስ አበባ ሚዛን የተደላደለ ቤት ነበር፤ ሳሎን፣ አትክልት፣ ከበስተጀርባ ሰርቪስ ቤት። ማታ ተኩስ ሲሰማ አባታችን ተነሥቶ የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ ያደርግ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ዳቦ ልትገዛ የወጣችው የቤታችን ሠራተኛ ባዶ እጇን ተመልሳ በሰርቪስ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናታችን ወጥታ አየቻት፤ ሻይ ሰጠቻት፤ ምን አየሽ ብላ ግን አልጠየቀቻትም። በዚያ ሳምንት የጎረቤት ልጅ ያለበት የልደት ፎቶግራፍ ከሳሎናችን ግድግዳ ወረደ። እናታችን ደግ ሴት ነበረች። ሱዛን ዱ ቶይትን ባየናት ቁጥር የምናስበው ያንን ሻይ ነው።

ኃይሌ ገሪማ በ2008 ባቀረበውና በቬኒስም በፌስፓኮም በተሸለመው «ጤዛ» ውስጥ አንበርብር ከጀርመን ተመልሶ በእናቱ ቤት ሲቀመጥ ያለፈውን ማስታወስ ይሳነዋል፤ ትዝታው ስብርባሪ ሆኖ ይመጣል። አንበርብርም እንደ ቤን የተማረ ሰው ነው። ልዩነቱ ቤን ያላወቀውን ለማወቅ ሲታገል፣ አንበርብር ያወቀውን ለመሸከም መታገሉ ነው። እኛ በስደት ያለነው በሁለቱ መካከል የቆምን ይመስለናል። በየማኅበራችን፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ፣ በየሠርጉ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የምንቀመጥ ሰዎች ማን ማንን እንደ ጠቆመ፣ የማን ወንድም በማን ቀበሌ እንደ ተወሰደ እናውቃለን። እንጀራ እየቆረስን ገመናውን እንሸፍናለን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ በእኛ ማዕድ ግን ሁለቱም የረሱ መስለው ይበላሉ።

ይህ ያለፈ ነገር ብቻ ቢሆን ዕድሜ ይሸፍነው ነበር። በ2020 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ከምንኖርባት ከተማ ብዙ በማትርቀው በፕሪቶሪያ በኅዳር 2022 በተፈረመ ስምምነት ቢቆምም፣ ከዚያም ወዲህ በሌላ ማዕዘን ደም መፍሰሱ አልቀረም። በእነዚህ ዓመታት ከመካከላችን ስንቱ ምሁር ነው የወገኑን ሙታን በስም እየቆጠረ፣ የሌላው ወገን እናት የምታሳየውን ፎቶግራፍ ሐሰት ነው ያለው? ስንቶቻችን ነን ቁስሉን አይተን «አንድ ነገር ሳያጠፋ አልቀረም» ያልነው? የታሪክ መምህራን፣ የሕግ ሊቃውንት፣ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ነን፤ ሙያችን ማወቅ ነው። የሱዛንን ክርክር ግን ከሱዛን በተሻለ አማርኛ፣ ከግርጌ ማስታወሻ ጋር ጽፈነዋል። ይህን ስንል ራሳችንን ከወቀሳው አናወጣም።

አባቶቻችን ዝም አይነቅዝም ይላሉ። በክፉ ዘመን ብዙ ቤት ያዳነ ምክር ነው፤ የእኛንም ቤት አድኗል። ፊልሙ የሚያስተምረን ግን ዝምታም እንደሚነቅዝ ነው። የሚነቅዘውም ከውስጥ፣ ከልጆች በኩል ነው፤ ሱዜት አባቷን አሳልፋ መስጠትን የተማረችው ከሻምበሉ አይደለም፣ ከእናቷ ማዕድ ነው። እኛም ያልተናገርነው ነገር ልጆቻችን ዘንድ የሚደርሰው እንደ ዕውቀት ሳይሆን ምክንያቱን እንደማያውቁት ጥላቻ ነው።

ወጣቱ ስንት ሰው ሞተ ብሎ ሲጠይቀን መልስ አልሰጠነውም። ቡናው ቀርቦ ነበርና ወሬው ወደ ሌላ አለፈ። እርሱም በትሕትና ዝም አለ፤ ማለዳ ሱቁን ሊከፍት ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው፦ ጆናታን ሞቷል፣ ጎርደን ሞቷል፣ ኤሚሊ ታውቅ ነበር። የእኛ ቤት ሠራተኛም ታውቅ ነበር። የጠየቃት አልነበረም።